ወልቂጤ የቀረው ምርቃት

ስለ ስልክ ያለኝን አስተያየት እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለ ሌላውም ነገር የጠየቀኝ የለም። ሰዎች ዝምተኛ ሰው ሲያዩ አስተያየት የሌለው ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ተናጋሪ ሰው አስተያየቱን በየቀኑ እያወጣ ይጨርሰዋል፤ ዝምተኛው ዘንድ ግን ጉድጓድ ውስጥ እንደተቀበረ ቆጮ ይቀመጣል። በቆየ ቁጥር ይበስላል፤ ጉድጓዱ የተከፈተ ቀን ግን ሽታው ከሩቅ ይሰማል።

እነሆ፣ ጉድጓዴን ከፈትኩ።

በጣት እየተነካ የሚሠራውን ስልክ የፈለሰፉት ሰዎች ጉንጭ የላቸውም ብዬ አምናለሁ። ጉንጭ ያለው ሰው፣ የነካው ሁሉ የሚያዘው መስታወት ሠርቶ ሲያበቃ «በሉ አሁን ፊታችሁ ላይ ለጥፉት» አይልም። ይህ በር ያለ መቀርቀሪያ ሠርቶ ከከብት በረት ጋር እንደመግጠም ነው። ኩባንያው በካርቶኑ ላይ «ብልህ ስልክ» ብሎ ጽፎበታል። ብልህስ ብልህ ነው፤ ጣትና ጉንጭ መለየት ግን አልተማረም። የኛ ጥጃ እንኳ የጡትና የጆሮ ልዩነት በተወለደ በሁለተኛው ቀን ገብቶታል።

ይህን የምለው ስልኬን ጠልቼው አይደለም። ለዓይን አፋር ሰው ስልክ ትልቅ ውለታ ነው፤ በተለይ አጭር መልእክት። በአጭር መልእክት ደፋር ነኝ፤ እቀልዳለሁ፣ እቆጣለሁ፣ እንዲያውም አንድ ጊዜ «አልስማማም» ብዬ ጽፌ አውቃለሁ። መደወል ሲሆን ነው ጉዱ። ከመደወሌ በፊት የምለውን ሁሉ በብጣሽ ወረቀት እጽፋለሁ። «ሃሎ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ የደወልኩት…» እያልኩ ነጥብ በነጥብ። ችግሩ የወዲያኛው ሰው ወረቀቱን አላየውም። አንዴ ገና «ጤና ይስጥልኝ» ስል ሰውየው «ድምፅሽ ምነው ተዘጋ፣ ጉንፋን ነው?» አለኝ። ጉንፋን ወረቀቴ ላይ አልነበረም። ዘጋሁት።

እንግዲህ የቤተሰቤ ትልቅ ጉዳይ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ነው የተሰጠው።

ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወልቂጤ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ኃላፊዬ አቶ ከድር የቡታጅራ ሰው ናቸው፤ ጥብቅ፣ ሪፖርት ወዳድ፣ ለሥራ የተሰጣቸውን አሮጌ ሞተር ሳይክል ግን ከሪፖርትም አብልጠው የሚያጥቡ። በየሰኞው ጠዋት «ሪፖርቱ የታለ?» ሲሉ ድምፃቸው ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል። ባለፈው መስቀል አንድ ቀን ፈቃድ ብጠይቃቸው «የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሳይገባ?» አሉኝ። እኔም የክትፎዬ ቅቤ ከንፈሬ ላይ ሳይደርቅ ተመለስኩ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

አሁን ወደ ተካ። ተካ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌር። እኛ ዘንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ የትም ይዙር፣ ለመስቀል ቤቱ ይገባል። ለቅሶ የቀረ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል፤ ለመስቀል የቀረ ሰው ግን ይቅርታውን ከየት እንደሚጀምር አይታወቅም። በእርዱ ቀን በሬው ከመውደቁ በፊት ቤተሰቡ ዙሪያውን ይቆማል፣ አባት እያንዳንዱን ልጅ በስሙ እየጠራ ይመርቃል፣ ልጁ «አሜን» ይላል። በሬው ከወደቀ የዓመቱ ምርቃት ተዘጋ ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ተካ መንገድ ላይ ውሎ ቀረ። አባዬ ሲመርቁ ስሙን ዘለሉት። እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍተቱን ሁላችንም ሰማነው። ከዚያ ወዲህ ተካ በደወለ ቁጥር አባዬ «ደህና ናቸው በሉት» ይላሉ እንጂ ስልክ አይዙም።

ዘንድሮ ደግሞ ሊመጣ ተነሥቶ ሳለ መኪናው ሰመራ ላይ ተበላሸ። ወልቂጤ ደወለልኝ።

«እህቴ፣ መለዋወጫው ከበዓሉ በኋላ ነው የሚደርሰው አሉኝ» አለ። ተካ ሲያዝን ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። «ዘንድሮም ከዘለሉኝ በሦስተኛው ዓመት ያን ደጅ እንዴት ብዬ ነው የምረግጠው? በስልክ አስገቢኝ። በሬው ሳይወድቅ። ሌላ ምንም አልልም፤ አሜን ብቻ ልበል።»

«እሺ» አልኩት። ዓይን አፋር ሰው አንደበቱ የሚፈታው «እሺ» ላይ ነው፤ መዘዙን የሚያስበው ከዚያ በኋላ ነው።

ከወልቂጤ በሚኒባስ እምድብር፣ ከእምድብር በእግር መንደራችን ስደርስ የእርዱ ዋዜማ ከሰዓት ነበር። የአዲስ አበባው፣ የሐዋሳው፣ የጅማው ዘመድ ሁሉ ገብቷል። እኔ እንደገባሁ ግን የተሰለፈው ሰው ለሰላምታ ብቻ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ስልክ መጠገን ይችላል ተብሎ ይታመናል። ያጠናሁት ስታትስቲክስ ነው ብል የሚሰማኝ አልነበረም፤ ቃሉ ራሱ የስልክ በሽታ ስም ይመስላል።

መጀመሪያ የቀረቡት አጎቴ ሀብቴ ናቸው፤ የእናቴ ወንድም፣ ጎረቤታችን። ባለ ቁልፍ ስልካቸው ከተገዛ ጀምሮ የሚያወራው በቻይንኛ ነበር። ያልተጫኑት ቁልፍ ስለሌለ መቼ እንደዞረ አያውቁም። እንደ ጎበዝ ተማሪ አማርኛ አድርጌ መለስኩላቸው። አጎቴ ስልኩን አየት፣ ራቅ፣ ጠጋ አድርገው ፊታቸው ጠቆረ።

«ምን አደረግሽው?»

«አማርኛ አደረግሁልዎ።»

«እኔ እኮ ለምጄው ነበር! ከላይ ሦስተኛው ቤት የምትመስለው ስትሆን መደወያ ነች። ከሥሯ ሁለት እግር ያላት የሰው ስም ነች። አሁን ይሄ ሁሉ ፊደል የቱ ምንድን ነው?»

«ተጽፏል እኮ፤ ‹ጥሪ› ይላል።»

«ማንበብ ብችል ኖሮ ቻይንኛ ምን ያስለምደኝ ነበር!» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ያን ቀን ስለ ቴክኖሎጂ አንድ ትልቅ ነገር ተማርኩ፤ ሰው ከተላመደው ችግር ላይ ተነሥቶ የማያውቀው ምቾት ላይ አይቀመጥም።

ዋናው ፈተና ግን አባዬ ነበሩ። የተካን ነገር በእናቴ አፍ አስነገርኩ።

«ምርቃት በሽቦ አይሄድም» አሉ አባዬ።

«አባዬ፣ ሽቦ የለውም። በአየር ነው የሚሄደው» አልኩ፤ ነገሩን ያቀለልኩ መስሎኝ።

«በአየርማ የባሰ! ነፋስ ወስዶ ለማያውቀው ሰው ቢሰጠውስ?»

«ኧረ የተካ አባት» አለች እናቴ፣ ጎመን መክተፏን ሳታቆም፤ «ጸሎትስ በምን ይሄዳል? በአየር አይደል?»

«እግዜር ሰው አያምታታም።»

«ልጁ እኮ ደጅ ላይ አይደለም የቆመው፣ በረሃ ላይ ነው። አሜን ልበል ነው ያለው። አሜን መከልከል ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?»

አባዬ በሬውን አዩና «በሬው ፊት ከሆነ እሺ» አሉ። «በሬው ሳይኖር አልመርቅም። ያለ በሬ የተሰጠ ምርቃት ወሬ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉን አሰናዳሁ። ተካን ተጠባበቅ ብዬ መልእክት ላክሁ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልሞክር ብዬ ብጣሽ ወረቀቴን ጽፌ አቶ ከድር ጋ ደወልኩ፤ ዘንድሮ እንኳ አንድ ቀን እንዲጨምሩልኝ። አንዴ ጠራ። ድፍረቴ በዚያች አንድ ጥሪ አለቀችና ዘጋሁት። ምንም አይደል፣ አላዩትም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እረፋዱ ላይ በሬው ግቢያችን ውስጥ ከእንሰቱ ፊት ቆመ፤ ቤተሰቡም ዙሪያውን ቆመ። ተካ ጋ ደወልኩ። ያቺ የተቀዳች የሴት ድምፅ መስመሩ መጨናነቁን ነገረችን። ደግሜ ደወልኩ፤ ደግማ ነገረችን። የከተማ ዘመድ ሁሉ ስልኩን ይዞ ገብቶ አንዱን የኮረብታ ማማ ከብቦ ሲጠባው እሷ ምን ታድርግ!

እናቴ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማቻት። «ምስኪን» አለች። «እሷም ለመስቀል ቤቷ አልገባችም።»

«ዝግባው ሥር ይይዛል» አለ አንድ የአዲስ አበባ የአክስት ልጅ።

ዝግባው ያለው በጀፎረው ላይኛ ጫፍ ነው፤ በመንደሩ መሀል በተዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ ዳገቱ ላይ። እኔ ሮጬ ደውዬ ልምጣ ብል ምርቃቱ እዚህ፣ በሬው እዚህ። አባዬን ብወስድ በሬው ይቀራል። አባዬ ክርክር አላበዙም፤ ገመዱን ፈትተው «ነይ እንሂድ» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ቤተሰቡ በሙሉ በሬ እየነዳ ስልክ ሊደውል ወጣ።

በመስቀል የእርድ ቀን በሬ ወደ ቤት ሲገባ እንጂ ከቤት ሲወጣ ታይቶ አያውቅም። በየደጁ ሰው ብቅ አለ። «ምነው፣ ሊሸጥ ነው?» አለ አንዱ። ባልቴቷ ጎረቤታችን ደግሞ «የት ነው የምትወስዱት? ስልክ ተደውሎለት ነው?» ብለው ጮኹ። አጎቴ ሀብቴ ኩርፊያቸውን ይዘው ከኋላ እየተከተሉ ነበርና «አዎ፣ ከሰመራ ተፈልጎ ነው!» ብለው መለሱላቸው። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ እሄዳለሁ። በሬው ብቻ ነበር ደስ ያለው። በዚያ ቀን በኔትወርክ መጥፋት የተጠቀመ አንድ ፍጡር ቢኖር እሱ ነው፤ በየርምጃው ሣር እየነጨ ዕድሜውን ያረዝማል።

ዝግባው ሥር የመንደሩ ባለ ስልክ ሁሉ ክንዱን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ቆሟል። አምስት አምስት ሆነው አንድ መስመር የያዘ ሰው ይከባሉ፤ መሥሪያ ቤታችን በስንት ስብሰባ ያቃተው አንድ ለአምስት አደረጃጀት እዚያ በራሱ ጊዜ ተደራጅቶ አየሁት። አባዬ «ምርቃት አለ» ሲሉ ሰዉ ወዲያው ስልኩን አውርዶ መንገድ ለቀቀ። ባርኔጣ ያደረገ አወለቀ።

ደወልኩ። ጠራ። «ሃሎ! አለሁ! እህቴ፣ አለሁ!» የተካ ድምፅ ነው። እናቴ እልል ልትል አፏን በእጇ ያዘች። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ለአባዬ ሰጠሁ።

«አባዬ፣ ራቅ አድርገው ይያዙት። ሲርቅም ይሰማል።»

«ልጄን ርቄ አልመርቅም» አሉና መስታወቱን ጉንጫቸው ላይ አጣብቀው ለጠፉት።

አንዲት ትንሽ ጢው የምትል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ መጥራት ጀመረ። ከዚያ «ሃሎ» የሚል ወፍራም ድምፅ መጣ። ሁላችንም መስመሩ ተቋርጦ የተመለሰ መሰለን። አባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ አታናግረኝ፤ ዝም ብለህ ስማ» አሉ። «ባለፈው መስቀል ያደረግኸው ነገር አሳዝኖኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ቂም ይዤብህ ነበር። ዛሬ በዚህ በሬ ፊት፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ይቅር ብዬሃለሁ።»

«አሚን» አለ ድምፁ ከወዲያ ማዶ። «ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ።»

እናቴ እንባዋ ወረደ። «ድምፁ እንዴት ጎርንኗል! የበረሃው ሙቀት ነው» አለች።

እኔ ግን ደረቅሁ። ተካ የሚለው «አሜን» ነው፤ ይህ «አሚን» ነው። ድምፁንም አውቀዋለሁ። በየሰኞው «ሪፖርቱ የታለ?» የሚለው ድምፅ ነው። የአባዬ ጉንጭ የተካን መስመር ዘግቶ ከሥሩ ያለውን፣ ጠዋት ደውዬ የዘጋሁበትን የኃላፊዬን ቁጥር መትቷል።

የአባዬን እጅጌ ሳብ አደረግሁ። እናቴ እጄን መታችኝ፤ «ምርቃት ላይ!» ብላ። ልክ ነች። እኛ ዘንድ የተጀመረ ምርቃት አይቋረጥም፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ «አሜን» ተብሎ ነው ውኃ የሚፈለገው። ይህን ሕግ እኔም አውቃለሁ፣ ሕዝቡም ያውቃል፤ ለካ የቡታጅራው አቶ ከድርም ያውቃሉ። የኛ ቸሃኛና የሳቸው መስቃንኛ ሙሉ ለሙሉ ባይገጥምም ምርቃት መሆኑ አይጠፋቸውም። ስለዚህ ማንም ማንንም አላቋረጠም።

«ጎማህን እሾህ አይንካው» አሉ አባዬ።

«አሚን» አሉ አቶ ከድር። «አሜን!» አለ ዝግባው ሥር ያለው ሰው ሁሉ።

«ፍሬንህ ይታዘዝልህ።»

«አሚን!» ይህችኛዋ ከልብ ነበረች።

«ከፊት ለፊትህ የሚመጣውን ሾፌር ያልጠጣ፣ ያላንቀላፋ ያድርግልህ።»

«አሚን።»

«የምታገባትን ደህና ልጅ በዚህ ዓመት ያገናኝህ።»

እዚህ ላይ አሚኑ ትንሽ ዘገየ። አቶ ከድር ባለ ትዳር ናቸው። ግን ምርቃት ተመርጦ አይበላም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ «አ…ሚን» ሲሉ ሰማሁ።

«በሚመጣው መስቀል እዚህ፣ በሬው አጠገብ ቆመህ አሜን ያሰኝህ። ጨርሻለሁ።»

«አሚን፣ አባቴ። አላህ ያክብርልኝ» አለ ስልኩ፤ ዳገቱን በሚያስተጋባ ድምፅ። «ለአንድ ቀን ፈቃድ ግን እርስዎን ድረስ ማድከም አልነበረባትም። ባለፈው ዓመት ከልክያት ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሦስት ቀን ትቆይ።»

አባዬ ስልኩን ከጉንጫቸው አላቀው መስታወቱን አዩት። «ሦስት ቀን ምኑን ነው የሚቆየው? ማነው ይሄ?»

ይህን ጊዜ የስልኩ ባትሪ አልቆ ጠፋ። ብልህ መሆኑን ያን ጊዜ አመንኩ፤ ሸሽቶ ነው።

ነገሩን ማስረዳት ነበረብኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ያለ ወረቀት። «ኃላፊዬ ናቸው» አልኩ። አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ዝግባው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። አባዬ ብቻ አልሳቁም።

«ነፋስ ይወስደዋል አላልኩም?» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያ እንደገና ይመርቁታ» አለች እናቴ።

«አለቀ እኮ። ዓመት የቆጠብኩትን ነው ያወጣሁት። ሰው ያን ከአንዴ በላይ ከየት ያመጣል?» ገመዱን ሳብ አድርገው በሬውን ወደ ቤት አዞሩ። «በቃ ይታረድ። ሰው ርቦታል።»

በዓይነ ሕሊናዬ ተካን አየሁት። ያች የተቆረጠች «አለሁ!» ጆሮው ላይ፣ ስልኩን ይዞ፣ መኪናው ጥላ ሥር። ከዚያ ያደረግሁትን አሁንም ሳስበው የሌላ ሰው ሥራ ይመስለኛል። ሄጄ የበሬውን ገመድ ያዝኩና «በሬው አይሄድም!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ ይህን ያህል መሆኑን አላውቅም ነበር። በሬው ራሱ ሣሩን ተወ።

አባዬ ገመዱን አልጎተቱም። ዓይኔ ባለ ቁልፍ ስልክ ባላቸው በአጎቴ ሀብቴ ላይ አረፈ። «አጎቴ፣ ስልክዎ ይሠራል?»

«ይሠራል። ለሚያውቀው።»

«ይስጡኝ።»

ኪሳቸውን ይዘው ወደኋላ አሉ። «መጀመሪያ ቻይንኛዬን መልሺ።»

«አሁን?»

«አሁን። ከዚያ እኔው እደውላለሁ፤ አንቺ አትነኪውም።»

የመንደሩ ባለ ስልክ ሁሉ ተሰብስቦ እያየኝ፣ ገመዱን በግራ እጄ እንደያዝኩ፣ አማርኛውን በቀኝ እጄ ወደ ቻይንኛ መለስኩ። አጎቴ ፊታቸው በራ። «ይኸው ቤቷ!» አሉ። ከላይ ሦስተኛ፣ ከሥሯ ባለ ሁለት እግሯ፣ ከዚያ አምስት ወደ ታች፤ «አምስተኛው ተካ ነው» አሉና ተጫኑ። በመጀመሪያው ጥሪ ያዘ።

«አጎቴ?» አለ ተካ። «መስመሩ ተቋረጠብኝ። በሬው ወደቀ?»

አጎቴ ስልኩን ወደ አባዬ ዘረጉት። አባዬ ተቀበሉት፤ ጉንጫቸው ላይ ለጠፉት። ባለ ቁልፍ ነው፤ ምንም አልሆነም።

«ተካ።»

«አቤት፣ አባዬ!»

አባዬ ቃል ፈለጉ። ቃሉ ሁሉ ወልቂጤ ነበር።

«በሬው ቆሞልሃል» አሉ።

ከወዲያ ማዶ ነፋስ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ ተካ «አሜን» አለ፤ ተካ መሆኑ የማያጠራጥር አሜን። ዝግባው ሥር የሳቀው ሰው ሁሉ አብሮት «አሜን» አለ።

«ሌላውን ምርቃት ወልቂጤ ያለ አንድ ሰው ይዞልሃል» አሉ አባዬ። «ይቅርታህም እሱ ዘንድ ነው። ስትመጣ ሄደህ ተቀበለው። ደግ ሰው ይመስላል፤ አይክድህም።»

ከሦስት ቀን በኋላ ሥራ ገባሁ። ለአቶ ከድር የምለውን ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር፤ ቆሜ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው አላቋረጡኝም። ሽማግሌ የላክሁባቸው መስሏቸው እንደነበር ነገሩኝ፤ አባታቸው ካረፉ ወዲህ ማንም «ልጄ» ብሏቸው አያውቅም።

«ታዲያ የኔ አይደለማ» አሉ በመጨረሻ።

«እንግዲህ…»

«አደራ ነው በያ።» መሳቢያቸውን ስበው ማስታወሻ ደብተር አወጡ። ምርቃቱ ከነጎማው፣ ከነፍሬኑ፣ በተራ ቁጥር ተጽፏል። ሪፖርት ወዳድ አላልኳችሁም?

ተካ በወሩ መጣ። መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ ዘይት በነካው እጁ ኮፍያውን እያሻሸ ቢሮ ገባ። አቶ ከድር ከወንበራቸው ተነሡ፤ ደብተሩን ገልጠው ከአንድ ጀምረው አነበቡለት። ተካ በየቁጥሩ «አሜን» አለ። ይቅርታው ላይ ሲደርሱ ሁለቱም መስኮቱን አዩ። የትዳሯ ላይ ሲደርሱ አቶ ከድር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይቺን ቶሎ ውሰድልኝ፤ ቤት ይዣት መግባት አልቻልኩም» አሉት።

ሲጨርሱ ደብተሩን አጥፈው ትንሽ አመነቱ። «የፍሬኗን ግን፣ ቅር ካላለህ፣ እኔ ጋ ትቅር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሞተሬ ቁልቁለት ላይ ይሰማኛል።»

«ይያዟት» አለ ተካ። «ግን ለመስቀል ይምጡ። የመጨረሻዋ ቁጥር የሁለታችንም ናት።»

«ሥጋችሁን አልበላም እንጂ እመጣለሁ። አሚን ብያለሁ እኮ።»

«ጎመንና አይብ አለልዎ» አልኩ። ቢሮ ውስጥ ሳይጠይቁኝ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው።

ማታ ድረስ ሳልጠብቅ ወዲያው፣ ከቢሮው በር ላይ፣ አጎቴ ሀብቴ ስልክ ላይ ደውዬ አባዬን አስጠራኋቸው። ወረቀት አልጻፍኩም። ርክክቡን ከነፍሬኗ ነገርኳቸው፤ ሳቃቸው ጆሮዬ ውስጥ ይንኳኳ ነበር፣ እጅግ ቅርብ ሆኖ።

«አባዬ፣ ስልኩን የት አድርገው ነው የያዙት?» አልኳቸው።

«ጉንጬ ላይ ነዋ» አሉ። «ልጄን ርቄ አላናግርም።»